የአንድ ተማሪ የመጀመሪያ ዓመት ገቢና ወጪ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ ስለ ጋበዘኝ ለማኅበራችን የሥራ አመራር ኮሚቴ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ «በውጭ አገር የሚማር ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያ ዓመት ኑሮ» የሚል ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ እጅግ ቀድመው በሞስኮ፣ በዴልፍት፣ በሩርኪና በሌሎችም ከተሞች የተማሩ ታላላቆቼ ተቀምጠዋል። ስለ ባዕድ አገር ብርድና ስለ ናፍቆት ብናገር ለእነርሱ አዲስ ነገር አልነግራቸውም። ስለዚህ ከርእሱ ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ በግልጽ የሚያነሣውን አንዱን ክፍል መርጫለሁ፤ ይኸውም ገንዘብ ነው።

ስለ ራስ ገንዘብ በአደባባይ መናገር በእኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም። ከባሕር ማዶ የተመለሰ ሰው የተማረውን ትምህርትና ያያቸውን ድልድዮች ይተርካል እንጂ፣ በደረሰበት ወር ኪሱ ውስጥ ስንት ሳንቲም እንደ ነበረ አይተርክም። ይህ ዝምታ ግን ዋጋ አለው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ እኛ ሳንሆን ከእኛ በኋላ የሚሄደው ወጣት ነው። እኔም ዝም ብለው ከሄዱት አንዱ ስለ ነበርሁ፣ ዛሬ የራሴን መዝገብ በፊታችሁ ልገልጥ መጥቻለሁ።

ዝግ ሒሳብ

በ2011 ዓ.ም. መስከረም አጋማሽ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 መጨረሻ፣ በውኃ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ድሬስደን ከተማ ሄድሁ። በጀርመን በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2017 የክረምት ሴሚስተር ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን ተማሪዎች በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ማስከፈል ጀምሮ ነበር፤ ድሬስደን ግን በዛክሰን ግዛት ውስጥ ስለሆነች ይህ እኔን አልነካኝም። ወሬውም አገር ቤት የሚደርሰው በዚሁ መልክ ነው፤ «ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው» ይባላል። አነጋገሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው።

ቪዛ ለማግኘት የነጻ ትምህርት ዕድል የሌለው ተማሪ የአንድ ዓመት መኖሪያውን ገንዘብ አስቀድሞ በዝግ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይኖርበታል። በአገሩ ቋንቋ «ሽፔርኮንቶ» ይባላል። ገንዘቡ የተማሪው ነው፤ ይሁንና በየወሩ ከዐሥራ ሁለት አንዱን እጅ ብቻ እንጂ ከዚያ በላይ ሊያወጣ አይችልም። እኔ በሄድሁበት ጊዜ የተወሰነው መጠን 8,640 ዩሮ ነበር፤ በወር 720 ዩሮ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው የባንክ ምንዛሪ ወደ 280,000 ብር ገደማ ይሆናል። እንደ እኔ ያለ ሁለት ዓመት የሠራ መሐንዲስ ከደመወዙ አጠራቅሞ የሚደርስበት ገንዘብ አልነበረም።

ገንዘቡን ያስቀመጠችልኝ ታላቅ እኅቴ ናት። በአሜሪካን አገር በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ብላ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመችውን አንሥታ በስሜ አስገባች። «ስትችል ትመልሳለህ» አለችኝ እንጂ ቀን አልቈረጠችልኝም። እኔ ግን በስልክ ሳመሰግናት፣ «እትዬ፣ ከጥር ጀምሮ በየወሩ 400 ዩሮ እልክልሻለሁ» አልኋት። ይህን ቁጥር ከየት አመጣሁት? ከየትም አላመጣሁትም። አንድም ሒሳብ ሳልሠራ፣ ከባድ ውለታ የተቀበለ ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ተናገርሁ። የዓመቱ መከራ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ባልተሰላ ቁጥር ላይ እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አባቴ በደሴ ከተማ ለብዙ ዓመታት ሱቅ ይዘው ኖረዋል። ሲሸኙኝ የሰጡኝ ስጦታ የዱቤ ሒሳብ ሲጽፉበት እንደ ኖሩት ያለ፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ መዝገብ ነበር። «በግራ የገባውን፣ በቀኝ የወጣውን ጻፍ፤ ማታ ማታ ሳትዘጋው አትተኛ» አሉኝ። እንዳዘዙኝም አደረግሁ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ሁሉ ከዚያ መዝገብ የተቀዱ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አርባ ቀናት

ስሄድ በእጄ የያዝሁት 700 ዩሮ ነበር። ወርኀዊው 720 ዩሮ እንደ ደረስሁ በሳምንቱ የሚለቀቅልኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ከዝግ ሒሳቡ የሚወጣው ገንዘብ የሚገባበት ተራ የባንክ ሒሳብ መክፈት ያስፈልጋል፤ ባንኩ የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባ ወረቀት ይጠይቃል፤ የምዝገባው ቢሮ ቤት ያከራየው ክፍል የሰጠውን ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ አከራዩ ደግሞ ቁልፍ የሚያስረክበው መያዣ ገንዘብና የወር ኪራይ ሲከፈለው ነው። የሣጥኑ ቁልፍ በራሱ በሣጥኑ ውስጥ ተቈልፎበት እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው 720 ዩሮ በእጄ የገባው በሃያ አራተኛው ቀን ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ መከፈል የነበረበትን ልዘርዝር። የክፍል መያዣ 400 ዩሮ፤ በተማሪዎች መኖሪያ የአንድ ወር ኪራይ 260 ዩሮ፤ የሴሚስተር መዋጮ 275 ዩሮ፤ የጤና መድን 90 ዩሮ፤ ፍራሽ ልብስ፣ ድስትና ሳሕን 75 ዩሮ፤ ምግብና ልዩ ልዩ 100 ዩሮ። ድምሩ 1,200 ዩሮ ይሆናል። በእጄ ያለው 700 ነው። የጐደለው 500 ዩሮ ነበር።

ከሃያ አራተኛው እስከ አርባኛው ቀን ደግሞ የሁለተኛ ወር ኪራይ 260፣ የጤና መድን 90፣ የመኖሪያ ፈቃድ 100፣ የብርድ ካፖርትና ጫማ 130፣ ምግብና ልዩ ልዩ 110 ዩሮ ወጣ፤ ይህም 690 ነው። እንግዲህ የአርባ ቀኑ ጠቅላላ ወጪ 1,890 ዩሮ ሆነ። በነዚሁ አርባ ቀናት የገባው ደግሞ የያዝሁት 700ና ሁለት ጊዜ 720፣ በድምሩ 2,140 ዩሮ ነው። ልብ በሉ፤ በአርባ ቀኑ መጨረሻ ሒሳቡን የሚያይ ሰው 250 ዩሮ ተርፎ ያገኛል። «ምን ጐደለህ?» ሊለኝ ይችላል። እኔ ግን በሃያኛው ቀን እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ይህ ነገር ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። የውኃ ማጠራቀሚያ ስንነድፍ የዓመቱን ፍሰት ድምር ከዓመቱ ፍጆታ ድምር ጋር አስተያይተን «ይበቃል» ብለን አንሄድም። ሪፕል የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሳተመውንና ሁላችንም በተማሪነታችን የሣልነውን የድምር ኩርባ አስታውሱ። የገባውን ውኃና የሚፈለገውን ውኃ ከቀን ወደ ቀን እየደመርን እንሥላለን፤ የማጠራቀሚያውን መጠን የሚወስነው በሁለቱ ኩርባዎች መካከል የሚታየው ትልቁ ጉድለት ነው። ድልድይም ቢሆን በአማካይ ጭነት አይፈርስም፤ የሚፈርሰው በአንዲት ቀን በሚመጣው ከፍተኛ ጭነት ነው። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። በራሴ ኪስ ላይ ግን አልሠራሁበትም። ለአንድ ተማሪ የሚነገረው «በወር 720 ዩሮ ይበቃል» የሚለው ቃል አማካይ ነው። እኔ ያስፈለገኝ ደግሞ ቀን የተጻፈበት ሒሳብ ነበር። ያ ሒሳብ ቀደም ሲል ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ በእጄ መያዝ የነበረብኝ 1,200 ዩሮ መሆኑን ይነግረኝ ነበር።

ጉድለቱ እንዴት ተሞላ? ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ የሄደች የአገሬ ልጅ 300 ዩሮ አበደረችኝ። የቀረው 200 ዩሮ ደግሞ መያዣውን በሁለት ጊዜ እንድከፍል በመለመን ተገኘ። ለመለመን ግን ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በመኖሪያው ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ አልፋለሁ፤ ገብቼ ግን «ገንዘብ አጠረኝ» ለማለት አፍሬ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ብድሯን የሰጠችኝ ልጅ እየገፋች አስገባችኝ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አንድ ቅጽ አውጥታ ፈርም አለችኝ፤ በአራት ደቂቃ አለቀ። ቅጹ ቀድሞ ታትሞ የተዘጋጀ ነበር። ታትሞ የተዘጋጀ ቅጽ ካለ፣ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ይህንኑ ጠይቋል ማለት ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እያልን አድገን፣ በሰው አገር ግን አንደበታችን ይታሰራል።

የወሩ ሒሳብ

ከአርባው ቀን በኋላ ኑሮው መልክ ያዘ። ቋሚው የወር ወጪዬ ይህ ነበር፤ ኪራይ 260፣ የጤና መድን 90፣ ምግብ 150፣ ስልክ 15፣ ለሚቀጥለው የሴሚስተር መዋጮ በየወሩ የሚቀመጥ 46፣ ለልብስ፣ ለማተሚያና ለመሳሰለው 40 ዩሮ። ድምሩ 601 ዩሮ ነው። ከ720 ላይ 119 ይተርፋል።

ስለ ምግብ ጥቂት ልበል። በወር 150 ዩሮ የሚበቃው ቤት ለሚያበስል ሰው ነው። ምሳ «ሜንዛ» በሚባለው የተማሪዎች መመገቢያ ከ2 እስከ 3 ዩሮ ይገኝ ነበር። እራት ከቱርኮች ሱቅ በተገዛ ምስርና ከቤት በመጣ በርበሬ እሠራለሁ። እንጀራ የበዓል ነገር ሆነ። እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ያልገዛ ሰው ከባቡር ጣቢያ በውድ ይገዛል፤ ይህንንም ሁለት እሑድ ከፍዬበት ተማርሁ። የላስቲክ ጠርሙስ ሲገዛ 25 ሳንቲም መያዣ ይከፈልበታል፤ ጠርሙሱ ሲመለስ ሳንቲሙ ይመለሳል። በሦስተኛው ሳምንት ምሳዬን የበላሁት በተመለሱ ጠርሙሶች ገንዘብ ነው። የሴሚስተር መዋጮውም ሲከፈል ከባድ መስሎ ቢታይም አብዛኛው ለትራምና ለባቡር የሚሆን ስለ ነበረ ስድስት ወር ሙሉ ለመጓጓዣ አልከፈልሁም። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ተማሪን የሚጥሉትም እነዚህ አይደሉም።

ተማሪን የሚጥለው በመዝገቡ ውስጥ ያልተጻፈ ግዴታ ነው። ለእትዬ 400 ዩሮ ቃል ገብቻለሁ። በዚያ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ለታናሽ ወንድሜ ትምህርት በየወሩ 150 ዩሮ መላክ ጀመርሁ። አባቴ በስልክ «እንዴት ነው፣ ይበቃሃል ወይ?» ሲሉኝ «ኧረ ሞልቶ! ምን ጐድሎኝ» እላለሁ። ሞልቶ ያለ ሰው ደግሞ ካልላከ ንፉግ ይባላል። ስለዚህ 119 ዩሮ የሚተርፈው ሰው 550 ዩሮ ላኪ ሆነ። የጐደለውን 431 ዩሮ የሚሞላው ሥራ ብቻ ነበር።

ሌሊትና ቀን

በዚያን ጊዜ ሕጉ ለውጭ አገር ተማሪ በዓመት 120 ሙሉ ቀን ወይም 240 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 9 ዩሮ ከ19 ሳንቲም ሆነ። ከጥር ወር ጀምሮ በከተማው ዳርቻ በሚገኝ የጥቅል ዕቃ መለያ መጋዘን በወር ስድስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሥራት ጀመርሁ። አርባ ስምንት ሰዓት በ9.19 ሲባዛ 441 ዩሮ ነው። ከ431 ላይ 10 ዩሮ ተረፈ። መዝገቤን ዘግቼ «ሒሳቡ ሠራ» አልሁ።

አንድ ወጣት ባልደረባችሁ መጠባበቂያው ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ንድፍ ይዞ ቢመጣባችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ግን የራሴን ንድፍ ራሴ አጸደቅሁ።

ንድፉን ያፈረሰው አንድ ደብዳቤ ነው። በጀርመን አገር ትልቁም ትንሹም ነገር በፖስታ ሣጥን በኩል ይመጣል። እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ኖረውም አልኖረው የስርጭት አገልግሎት መዋጮ ይከፍላል፤ ያን ጊዜ በወር 17 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነበር። ሦስት ሆነን በአንድ ቤት ውስጥ እንኖር ስለ ነበር ለእያንዳንዳችን 6 ዩሮ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ደብዳቤው በእኔ ስም ስለ መጣ፣ ቴሌቪዥን የሌለው ሰው ምን አግብቶኝ ብዬ፣ ማስታወቂያ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሳላነብ አስቀመጥሁት። በየካቲት ወር ሦስተኛው መጣ። የሁለት ሩብ ዓመት ዕዳ 105 ዩሮ፣ የመዘግየት ቅጣት 8 ዩሮ፣ በድምሩ 113 ዩሮ በቅርብ ቀን ክፈል ይላል። በእጄ 40 ዩሮ እንኳ አልነበረም። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ድርሻቸውን እንዲሰጡኝ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አሁንም አፈርሁ። በጠየቅሁ ጊዜ ወዲያው እንደሚከፍሉኝ ያወቅሁት ከወር በኋላ ነው። በመጠየቅ ፈንታ ሁለት ተጨማሪ ሌሊት ወሰድሁ። ሁለተኛው ሌሊት የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰት ፈተና የሚሰጥበት ቀን ዋዜማ ነበር።

ከመጋዘኑ ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። ጥያቄው የሚከብድ አልነበረም፤ የዳርሲን ሕግ በትክክል ጻፍሁ፤ ቁጥሮቹንም አስገባሁ። የአፈሩ አሳላፊነት የተሰጠው በሴኮንድ፣ የተጠየቀው ፍሰት በቀን ነበር። አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ መሆኑን ሳላባዛበት አለፍሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ በዚያው ላይ ተገነባ። ዓመቱን ሙሉ 8,640 ዩሮ ሳስብ ከርሜ 86,400 ሴኮንድ ረሳሁ። ውጤቱ 5.0 ሆነ፤ በዚያ አገር አቆጣጠር 1.0 ከሁሉ የበለጠ፣ 4.0 ማለፊያ፣ 5.0 ውድቀት ነው።

በሕይወቴ ፈተና ወድቄ አላውቅም ነበር። በዚያ ክረምት ፀሐይ ቀደም ብላ ትጠልቃለች፤ በኤልበ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ለአባቴ ምን እንደምላቸው ሳስብ መሸብኝ። የዚያን ዕለት ማታ መዝገቡን አልዘጋሁትም።

መዝገቡ ሲነበብ

ከአራት ቀን በኋላ ደወልሁ። አባቴ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያም «መዝገቡን አምጣና አንብብልኝ» አሉ። ከመስከረም ጀምሮ መስመር በመስመር አነበብሁላቸው፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ለወንድሜ የላክሁት ላይ ስደርስ፣ «ይህን ማን አዘዘህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሲጨርሱ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ሱቅ በያዝሁበት ዘመን ያከሰረኝ ድኻ አይደለም። ድኻው መጥቶ ‹የዚህ ወር አልሞላልኝም› ይለኛል፤ እኔም አስታግሠዋለሁ፤ በመጨረሻ ይከፍላል። ያከሰረኝ በሱቄ በር ማለፍ አፍሮ መንገድ የቀየረው ሰው ነው። አንተም መንገድ ቀይረህብኛል» አሉኝ።

ለእትዬ በዚያው ሌሊት ነገርኋት። እርሷ ደግሞ ተቈጣች፤ የተቈጣችው ግን ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «400 ያልከው አንተ ነህ፤ እኔ መቼ ጠየቅሁህ? የላክኸው እንኳ እዚህ ባንክ ተቀምጧል፤ እኔ ቤት የምገዛው በእርሱ አይደለም» አለች። ሦስታችን በስልክ ተነጋግረን አዲስ ሒሳብ ሠራን። ለወንድሜ መላኩ ቀረ። ለእትዬ እስክመረቅ ድረስ በየወሩ 100 ዩሮ ብቻ፣ ቀሪው ሥራ ከያዝሁ በኋላ። የሌሊቱ ሥራ ቆመ። ከ720 ላይ የስርጭቱ መዋጮ ድርሻዬ 6 ዩሮ ተጨምሮበት 113 ይተርፋል፤ 100 ለእትዬ፣ 13 ለመጠባበቂያ። 13 ዩሮ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የበጋው የሙሉ ቀን ሥራ እስኪመጣ ድረስ አደረሰኝ። መምህሬንም በተማሪዎች መጠየቂያ ሰዓቱ ሄጄ አነጋገርሁት። የፈተና ወረቀቴን አውጥቶ የሳትሁበትን አንድ መስመር አሳየኝ፤ ድጋሚውን ፈተና በ2.0 አለፍሁ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ በዚያው ክፍል የተማሪ ረዳትነት ሥራ አገኘሁ።

የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ የሚጠየቀው የወር መጠን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ከ720 ወደ 853 ዩሮ ከፍ ብሎ ነበር። የረዳትነቱ ውልና የበጋው ቁጠባ አልበቃም፤ ቀሪውን እትዬ እንደገና ሞላችው። በዚህ ጊዜ ግን ስንት እንደሚያስፈልግና መቼ እንደሚመለስ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም ይዘን ነበር። ከተመረቅሁ በኋላ በዚያው አገር ሁለት ዓመት ሠርቼ የመጨረሻውን ክፍያ በ2015 ዓ.ም. ላክሁላት። ቤቷንም ገዛች፤ ይሁን እንጂ ካሰበችው ሦስት ዓመት ዘግይታ ነው። ይህ ሦስት ዓመት በእኔ መዝገብ ውስጥ በየትኛውም ገጽ አልተጻፈም። የትምህርቴ እውነተኛ ዋጋ ግን እርሱ ነው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

ዛሬ ነገሩ ከእኔ ጊዜ ይልቅ ከብዷል። የዝግ ሒሳቡ መጠን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ወደ 992 ዩሮ በወር፣ ማለትም 11,904 ዩሮ በዓመት ከፍ ተደረገ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 መጨረሻ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካን ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ አንድ ወጣት ለመሄድ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ሆኗል። ይህን ከደመወዙ የሚያጠራቅም ወጣት መሐንዲስ የለም፤ ሁሉም በዘመድ ብድር ይሄዳል። ብድሩ በገነነ መጠን ኀፍረቱም ይገናል፤ ኀፍረቱ በገነነ መጠን ዝምታው ይጸናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

በዚህ ምክንያት ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በውጭ አገር የተማርን አባላት እያንዳንዳችን የመጀመሪያ ዓመታችንን ገቢና ወጪ ቀን እየጠቀስን ጽፈን ለማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት እንስጥ። አማካይ አንጻፍ። በየትኛው ቀን ስንት እንደ ነበረንና ስንት እንደ ጐደለን እንጻፍ። ዋጋው በየዓመቱ ይለወጣል፤ የኩርባው መልክ ግን አይለወጥም፤ ትልቁ ጉድለት ምንጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ወጣት ለመሄድ ምክር ሊጠይቀን ሲመጣ ስለ ዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ አንንገረው። ብድሩን ከማን እንደ ወሰደ፣ መቼ እንደሚመልስ፣ ይህንንም ከአበዳሪው ጋር በጽሑፍ ተነጋግሮ እንደ ሆነ እንጠይቀው። ጥያቄው የሚያሳፍር ቢመስልም፣ ያን ጊዜ አንድ ታላቅ ባልደረባ ይህን ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ 400 የሚለው ቁጥር ከአፌ ባልወጣ ነበር።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ አቅሙ በፈቀደ መጠን፣ ለሚሄዱ አባላት ለአርባ ቀን የሚሆን አነስተኛ ተመላሽ ብድር የሚሰጥበትን መንገድ እንዲያጠና አሳስባለሁ። የሚያስፈልገው የዓመት መኖሪያ አይደለም። የእኔን ጉድለት ለመሙላት 500 ዩሮ በቂ ነበር፤ ያውም በአርባኛው ቀን ተከፍሎ ያልቅ ነበር።

ክቡር ሊቀ መንበር፤ የተከበራችሁ አባላት፤

የአባቴን መዝገብ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክባለሁ። ያን ማታ ያልዘጋሁት ገጽ አሁንም እንዳልተዘጋ ነው። ልሞላው ብዬ ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ በኋላ ግን ባዶነቱን የሚያይ አንድ ወጣት፣ «ይህስ ሰውዬ በዚህ ቀን ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ ዘንድ ተውሁት። የሚጠይቀኝ ከተገኘ እነግረዋለሁ።